ራሳቸው ተሸክመው ይምጡ

ሃዋኒ ዱጋሳ አምቦ ውስጥ ስፒከር የምትሠራ ሴት ናት። ያደገችው ጎጆ በምትባል የደጋ ከተማ ነው፤ ብርዱ አጥንት ድረስ በሚዘልቅበት፣ ክረምት ሲገባ መኪና በጭቃ በሚያዝበት አገር። ወላጆቿ ድንችና ገብስ ያመርታሉ፤ እሷ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ እጇ ከተበላሸ ሬዲዮ ተለይቶ አያውቅም። አምቦ መጥታ ኤሌክትሮኒክስ ተማረችና በ2007 ዓ.ም. ከገበያው በላይ ባለው የጋሽ ተድላ መጠገኛ ቤት ተቀጠረች።

ጋሽ ተድላ በከተማው የታወቁ ሰው ነበሩ። አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እኩል ያስኬዱታል፤ ደንበኛውን ሁሉ በየቋንቋው ያስተናግዱታል። ዓይናቸው መድከም ሲጀምር ቀጫጭኑን ሥራ ሁሉ ለሃዋኒ ተዉላት። የሃዋኒ አባት ሲሞቱ በዚያ መንገድ ጎጆ ድረስ ሄደው አልቅሰዋል። ይህን የምናገረው በኋላ የመጣው ክፉ ነገር ከባዕድ እንዳልመጣ እንዲታወቅ ነው።

በ2011 መጀመሪያ ላይ ከከተማው ሆቴሎች አንዱ የመኝታ ክፍሎቹን ዕቃ ቀየረና አሮጌዎቹን ኮመዲኖዎች ጓሮ ወረወራቸው። ዝናብ ወርዶባቸው ቀለማቸው ተላጥቷል፤ እንጨቱ ግን የድሮ ዝግባ ስለነበር አልተበላሸም። ሃዋኒ ለምና አራቱን በጋሪ አስጫነች። ከሁለቱ ላይ መሳቢያውን አወጣች፣ ፊታቸውን በሳንቃ ዘጋች፣ ሳንቃውን በቀጭን መጋዝ ክብ አድርጋ ቆርጣ ከተገለበጠ ሚኒባስ በር የተነቀሉ ስፒከሮች ገጠመችበት። የሚስማሩን ቀዳዳ በኮላ በተለወሰ የመጋዝ ብናኝ ደፈነች። ውስጡን ከአሮጌ ፍራሽ በወጣ ጥጥ አለበሰችው። ከኋላ አየር የሚወጣበት ቱቦ አስገባች፤ እሱን ብቻ አሥራ አንድ ጊዜ እየቆረጠች ሞከረችው፤ ሲረዝም ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል፣ ሲያጥር ያጓራል። ሦስት ሳምንት ፈጀባት። ሲያልቅ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጡ ሁለት ሳጥኖች ሆኑ፤ ሲከፈቱ ዘፋኙ ትንፋሹን ሲስብ ሳይቀር ይሰማል።

በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ በከተማው አዳራሽ የፈጠራ ሥራዎች ኤግዚቢሽን ተዘጋጀ። ጋሽ ተድላ በሱቁ ስም እናስመዝግበው አሉ፤ እሷም ምን ክፋት አለው ብላ ተስማማች። በዕለቱ አዲስ ጫማ ገዝታ መጣች። ዳኞቹ ሰምተው ተገረሙና ማን እንደሠራው ጠየቁ። ጋሽ ተድላ እኔ ነኝ አሉ። አንደኛው ዳኛ ገመዱን ይዛ አጠገባቸው ወደቆመችው ሃዋኒ እያመለከተ ይህችስ ልጅ አላቸው።

«እሷ ሻይ የምታፈላልን ልጅ ናት» አሉ።

የምስክር ወረቀቱ ተሰጠ፣ ፎቶ ተነሡ፣ ሰው አጨበጨበ። በማግስቱ ፎቶው በመስታወት ተከትቶ ከሱቁ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ለምን እንዲህ እንዳደረጉ ስትጠይቃቸው ሱቁም ስሙም የእሳቸው መሆኑን፣ ደግሞም እኔ ነኝ ብትል ማንም እንደማያምናት ነገሯት። ሽርጧን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ወጣች።

እናቷ በስልክ የሆነውን ሲሰሙ በኦሮምኛ አንድ ቃል ብቻ ነበር የተናገሩት፤ ሃሎ። ቂምን ይዞ ብድሩን መመለስ ማለት ነው። ተይው ለማለት ይሁን ያዢው ለማለት ሃዋኒ አልጠየቀቻቸውም። ያዘችው።

ከመንገዱ ማዶ፣ ከጋሽ ተድላ በር ፊት ለፊት፣ ወይዘሮ ሮማነወርቅ የሚባሉ ባልቴት አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ነበረቻቸው። ሃዋኒ ይህችን ክፍል ተከራየች። የተረፏትን ሁለት ኮመዲኖዎች እንደ ፊተኞቹ ሠርታ በሩ ላይ አስቀመጠችና ከጠዋት እስከ ማታ ከፈተቻቸው። ኔትወርክ በተቋረጠባቸው ወራት ሰው ሁሉ ዘፈኑንም መዝሙሩንም በፍላሽ ይዞ ይዞር ስለነበር በሯ ላይ የማይቆም አልነበረም። አንዱ የአያቱን ቡፌ፣ ሌላው የተሰበረ ቁምሳጥን ይዞላት መጣ። እኔም የራሴን ያሠራሁት ያኔ ነው።

ጋሽ ተድላም የምስክር ወረቀታቸውን እያሳዩ ትእዛዝ መቀበል ጀመሩ። ግን መልኩን እንጂ ሥራውን አያውቁትም። ሳጥኑን ከስስ ቺፕውድ ይመቱታል፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ድምፁ መርገብገብ ይጀምራል። ደንበኞቹ ሲመልሱላቸው እስኪላመድ ነው ይሏቸዋል። ያልተላመደላቸው መንገድ ተሻግረው ሃዋኒ ዘንድ ይመጣሉ። እሷም ጆሮዋን አስጠግታ ታዳምጥና ሕመሙን ባንድ አፍታ ታገኘዋለች።

«ይድናል» ትላቸዋለች፤ «የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ግን ጋሽ ተድላ ራሳቸው ተሸክመው ይምጡ።»

እጥፍ እንክፈል ቢሏትም፣ ዘመድ ቢልኩባትም ቃሏ ያው ነው። ሰዎቹ ተመልሰው ለጋሽ ተድላ ይነግሯቸዋል። መጀመሪያ ይስቁ ነበር። ቆይተው ከመንገዱ በኩል ያለውን መስኮት ዘጉት። ሃዋኒ መስኮቱ የተዘጋ ቀን ድምፁን ትንሽ ከፍ አደረገችው።

ወይዘሮ ሮማነወርቅ አልወደዱላትም። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» አሏት። እንግዲያው ጸሎቱን ለጊዜው ልተወው ብላ መለሰችላቸው። እውነትም ያን ዓመት ፍልሰታ መጥቶ ሲያልፍ የቤተክርስቲያን ደጅ አልረገጠችም።

በ2013 ጥር መጀመሪያ ላይ መምህር ብዙነህ መጡ። ለብዙ ዓመታት የከተማውን ልጅ ሒሳብ ያስተማሩ ሽማግሌ ናቸው። ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው ማንበብ ትተዋል፤ ቀናቸው የሚያልፈው ዜናና ቅዳሴ በመስማት ነው። ልጆቻቸው ከጋሽ ተድላ ስፒከር ገዝተውላቸው ነበር፤ ሲከፈት ይርገበገባል፣ ቃሉ አይለይም። ባለጋሪ አስይዘው በከዘራቸው እየዳበሱ መጡና እሳቸው ከማንም ጋር ጠብ እንደሌላቸው፣ ቤታቸው ዝም ሲል እንደሚከብዳቸው በትሕትና አስረዷት። ሃዋኒ ወንበር ሰጠቻቸው፣ ውኃ ሰጠቻቸው፤ ከዚያ ለሁሉም የምትለውን አለቻቸው። መምህር ብዙነህ ስፒከሮቻቸውን አስጭነው ተመለሱ።

ስድስት ሳምንት አለፈ። ወሬው ግን አልተቀመጠም። ሽማግሌው በዝምታ ተቀምጠዋል መባሉ በዕድሩም በገበያውም ተሰማ፤ ያስተማሯቸው ሰዎች በጋሽ ተድላ በር ሲያልፉ ሰላምታ ነሱ። ሃዋኒንም የወቀሱ ነበሩ፤ እሷ እንዳልሰማች ሆነች። ሸክሙ በማን ላይ እየከበደ እንደሄደ ታውቅ ነበር።

የካቲት ላይ፣ በቅዳሜ ገበያ፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች ጋሽ ተድላ የመምህር ብዙነህን ሁለት ሳጥኖች ከሽማግሌው ቤት አንሥተው በሁለት ብብታቸው ይዘው በሰው መሐል መጡ። ላባቸው ይወርዳል። ገበያተኛው ዕቃውን ትቶ ተከተላቸው። ትሰድባቸዋለች ብሎ የጠበቀ ብዙ ነበር፤ እሷ ግን አንቱታዋን አልቀነሰችም። አስቀመጠቻቸውና ካቻቪቴ ሰጠቻቸው። ይክፈቱት አለች። ከፈቱት። ከኋላው የተበሳው ቀዳዳ ውስጡ ቱቦ የለውም፤ በሳንቃ ተደፍኗል።

«ይህ ቀዳዳ ለምንድን ነው?» አለቻቸው።

«ለጌጥ ነው» አሉ።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሃዋኒ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች።

«ለአየር ነው። ሳጥኑ ካልተነፈሰ ድምፁ ይታፈናል። የመጀመሪያዎቹን ማን ሠራቸው?»

ጋሽ ተድላ ካቻቪቴውን በጣታቸው አገላበጡ። «አንቺ ነሽ።»

«ሻዩንስ ማን ነበር የሚያፈላው?»

«እኔ ነበርኩ» አሉ። እውነታቸውን ነበር፤ አራቱን ዓመት ሙሉ፣ ጠዋትም ከሰዓትም፣ ለሁለቱ ሻይ የሚያፈሉት እሳቸው ነበሩ።

ሃዋኒ ከዚህ በላይ አልጠየቀችም። ሳንቃውን ነቀለች፣ ቱቦ አስገባች፣ ተገልብጦ የተገጠመውን ገመድ አስተካከለች፣ ክዳኑን በኮላ አጠበቀች። ከፍታ አሰማቻቸው። ከዚያ እስከ መምህር ብዙነህ ቤት ድረስ ራሳቸው እንዲያደርሱ ነገረቻቸው፤ ተሸክመው ሄዱ። ከኤግዚቢሽኑ ወዲህ ምሳዬን ጠግቤ የበላሁት ያን ቀን ነው ብላኛለች።

በሳምንቱ ሥራዋን ልታይ መምህር ብዙነህ ቤት ሄደች። ስፒከሮቹ ጥርት ብለው ይናገራሉ። ሽማግሌው በድምፅዋ አወቋትና ዜናውን ቀነሱት።

«ጥሩ ሠርተሻል» አሏት። «እሱ የበደለሽም እውነት ነው። ግን ልጄ፣ እሱን የጎተትሽው በእኔ ጆሮ ነው። ስድስት ሳምንት እዚህ ተቀምጬ ግድግዳ ሳዳምጥ ታውቂ ነበር። ዳግመኛ ቤቴ አትምጪ።»

ይቅርታ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት ዜናውን ከፍ አደረጉት። በሚቀጥለው ዓመት አረፉ፤ ሃዋኒ ቀብራቸው ላይ ከኋላ ቆማ ታየች።

ጋሽ ተድላ ሳጥኖቹን በተሸከሙበት ዓመት ክረምት ሱቁን ለቀው እጃጂ ከተማ ገቡ፤ ከልጃቸው ጋር የስልክ ሽፋንና ባትሪ ይሸጣሉ። ሃዋኒ ዛሬ ክፍሏን አስፍታለች። ከወንጪ ድረስ አሮጌ ሣጥን በፈረስ ጭነው የሚመጡላት አሉ። ቤተክርስቲያንም ተመልሳለች።

ባለፈው ጥር የእኔው ስፒከር ገመዱ ላልቶ ወስጄላት ሳለ ይቆጭሽ እንደሆን ብዬ ጠየቅኋት። ሥራዋን አላቆመችም።

«የመምህር ብዙነህን በመጡበት ቀን መሥራት ነበረብኝ» አለችኝ። «ጋሽ ተድላን በሌላ መንገድ አመጣቸው ነበር።»