ድንጋይ የሚግጠው ዓሣ

ከሚሴ ምሳ የበላሁበት ቤት ጠረጴዛውን አዲስ ላስቲክ አልብሶታል። ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል፤ ላዩ ላይ የበቀቀን አፍ ያለው፣ አረንጓዴና ሮዝ ዓሣ ታትሟል። ይህን ዓሣ አውቀዋለሁ። አንድ ጊዜ ክጄዋለሁ።

ደርግ በወደቀ ማግስት አጎቴ ሰዒድ የባሕር ኃይል ልብሱን አውልቆ ከዳህላክ መጣ። ሚስት ጠየቀ፤ የልጅቷ አባትም ሰውየውን ሊመዝን ጫቱን ይዞ እኛ ቤት ተቀመጠ። አጎቴ ምርቃናው ሲይዘው ስለዚህ ዓሣ አወራ። ባሕሩ ውስጥ እንደ ደን የበቀለ ድንጋይ አለ፣ ዓሣው እሱን እንደ ፍየል ይግጣል፣ ማታ ከምራቁ ድንኳን ሠርቶ ይተኛል፣ ወንዱ ሲሞት ደግሞ ከሴቶቹ አንዷ ወንድ ትሆናለች አለ።

"አስተግፊሩላህ! ሴቲቱ?"

"ወላሂ፣ በሁለት ዓይኔ!"

ሰውየው ወደ እኔ ዞረ። "አንቺ ተማሪዋ፣ ይሄ መጽሐፋችሁ ላይ አለ?"

ዐሥር ዓመቴ ነበር፤ በትልልቅ ሰዎች ፊት መጠየቄ አኮራኝ። "የለም" አልኩ።

"ነገ ልጄንም ወንድ ሆነችብኝ ብለህ ልትመልስልኝ ነው?" ብሎ ጫቱን ሰብስቦ ወጣ።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሁሉንም አነበብኩት፤ አንዱም ውሸት አልነበረም። ያየ ሰው ሲምል አይታመንም፣ ያላየ ሲጽፍ ይታመናል፤ እኔም እንጀራዬን የምበላው በዚሁ ነው። ያኔ ለአጎቴ ልነግረው እየሮጥኩ ቤት መጣሁ።

"ተዪው እቴ" አለኝ፤ "ውሸቴን ነበር።"

ሳያገባ ሸመገለ። ልጆቼ ስለ ባሕር ሲጠይቁት፣ ከባቲ ወዲያ ሄጄ አላውቅም ይላቸዋል።