ቆሞ የሚሮጠው ሚኒባስ

አማቼ፣ የባለቤቴ አባት፣ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ናቸው። አርባ ዓመት ሙሉ ከዳሽቦርድ ሥር በጀርባቸው ተኝተው ስለኖሩ፣ ቆመው ሲያወሩ እንኳ አንገታቸው ወደ ላይ ቀና ያለ ነው። ጋራዡ ውስጥ «ዶክተር ዝም» ይሏቸዋል። እሳቸው ሥራ ሲጀምሩ ራዲዮ ይጠፋል፣ መዶሻ ይቀመጣል፣ ያስነጠሰ ሰው በዓይን ይገረፋል። የሽቦ ንድፍ ማየት አይወዱም። በየሽቦው ላይ ባለ ቀለም ክር ያስሩና የቤተሰብ ስም ያወጡለታል። ኃይል የሚያመጣው አባት ነው፤ ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰረው እናት፤ ከሴንሰር ወሬ የሚያመላልሱት ልጆች። ከጎማ በኩል ፍጥነት ይዞ የሚመጣውን ግን «ታናሽየው» ይሉታል። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ስለሚቀብጥ ነዋ!» አሉኝ።

ባለቤቴ የተማሪዎች ሰርቪስ ሚኒባስ ይነዳል፤ የአምስት ዓመቷ ልጃችንም አብራው ትሄዳለች። ባለፈው ክረምት ውሃ ገብቶ የሞተሩ ኮምፒውተር ተቃጠለ። አማቼ ያገለገለ ገዝተው፣ ክሮቻቸውን አስረው ቀየሩለት። ሞተሩ ገና ቁልፍ ሲነካ ተነሣ። ባለቤቴ አንድ ዙር ነድቶ ሲመለስ ግን ፊቱ ልክ አልነበረም።

«አባባ፣ ፍጥነት መለኪያው ሞቷል። እየሄድኩ ዜሮ ይላል።»

«ሞተሩ ከተነሣ እሱ ቀላል ነው። እሑድ አየዋለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ባለቤቴ ሞተሩን ሳያስነሣ ቁልፉን ብቻ ከፈተ። እኔ ልጄን ቀበቶ እያሰርኩላት ነበር። መርፌዋ ከዜሮ ቀስ ብላ ተነሣች፤ ሃያ፣ አርባ፣ ስድሳ። ሰማንያ ላይ ስትደርስ ቆማ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ግቢው ውስጥ አንዲት ቅጠል እንኳ አትንቀሳቀስም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የኪሎ ሜትሩ ቁጥር ነው፤ ዓይናችን እያየ አንድ ጨመረ።

ልጄ አንገቷን አስግጋ «አባዬ፣ ማነው የሚነዳው?» አለች።

ባለቤቴ ቁልፉን ነቀለ። ያን ቀን ልጆቹን በኪራይ መኪና ላካቸውና ኮምፒውተሩን ለሸጠልን ሰውዬ ደወለ። ስልኩ ድምፁ ከፍ ብሎ ስለነበር እኔም ሰማሁ።

«ከየት መኪና የወጣ ነው?»

«ኧረ መኪናዋማ ጭረት አልነበረባትም! መንገድ ዳር ቆማ ነው የተገኘችው፤ ቁልፉ ተከፍቶ፣ በሮቹ ተዘግተው። ሹፌሩ ነው እስከ ዛሬ ያልተገኘው። ምነው፣ አልሠራም እንዴ?»

ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ ምግብ አልበላ አለ። ዓርብ ዕለት ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ወርውሮ «ሰኞ ለትምህርት ቤቱ አስረክባለሁ» አለኝ።

«ሌላ መኪና ይሰጡሃላ።»

«ሌላም አልነዳ። መሪ ስይዝ ዓይኔ መንገዱን ትቶ መርፌዋ ላይ ይቀራል።»

ከመሪ ሌላ ሥራ የማያውቅ፣ የማይወድም ሰው ነው። እሑድ ከሰዓት ቁልፉን ይዤ፣ ሚኒባሱንም አስጎትቼ አማቼ ጋራዥ ሄድኩ። ሻጩ ያለውን ነገርኳቸውና «ብልሽቱ ዛሬ ካልተገኘ ልጅዎ ሹፌርነቱን መተዉ ነው» አልኳቸው። የኤሌክትሪክ መፈተሻቸውን፣ ቴስተሩን፣ አቀበሉኝ።

ጋራዡ ባዶ ነበር። የኋላ ጎማዎቹን በክሪክ አነሣን። ቁልፉን ስከፍት መርፌዋ ሰማንያ ላይ ወጣች፤ ጎማዎቹ አየር ላይ ዝም ብለው ተንጠልጥለዋል። አማቼ መዳፋቸውን በሩ ላይ አሳረፉ። እኔ ከኋላ ወንበሮች በኩል ሰው የተቀመጠ እየመሰለኝ ሁለቴ ዞርኩ።

«አትዙሪ፤ መርፌዋን እዪ» አሉኝ። እሳቸው ራሳቸው ግን በመስታወቱ ሲያዩ አየኋቸው።

የኮምፒውተሩን ሶኬት ነቀሉት። መርፌዋ ወደቀች። ጎማውን በእጃቸው ሲያሽከረክሩት ቴስተሩ ላይ የሴንሰሩ ምት ብልጭ ድርግም አለ።

«ታናሽየው ደህና ነው» አልኳቸው።

«ሶኬቱን መልሺው እስቲ።» መለስኩት። ምቱ በጎማው መዞር መሄዱን ትቶ የራሱን ቁጥር ይዞ ሮጠ። ሞተሩን ስናስነሣ ደግሞ ጭራሽ ጠፋ።

ያን ጊዜ ኮምፒውተሩን ገልብጬ ክዳኑ ላይ ያለውን ቁጥር አነበብኩ፤ ጥግ ላይ ከተጣለው ከአሮጌው የሚለየው በመጨረሻዋ ፊደል ብቻ ነው። በስልኬ ንድፉን ፈልጌ አሳየኋቸው። የአውቶማቲክ ማርሽ መኪና ኮምፒውተር ነው፤ የእኛ በእጅ የሚቀየር ነው። ታናሽየው የተሰካበት ቀዳዳ በዚህኛው የሌላ ሥራ ነበር። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ሲከፈት ኮምፒውተሩ በዚያ የራሱን ምት ይልካል፤ ሞተሩ ሲነሣ ደግሞ የመጣውን አንቆ ያስቀራል። አማቼ ክሩን አይተው፣ ወደ ድሮው ቦታው መልሰውት ነበር።

ስልኩን መለሱልኝ። «ያሰርኩትን ክር አመንኩ» አሉ። «ቤቱ ሲቀየር የልጁም መኝታ እንደሚቀየር ረሳሁ።»

ሽቦውን ነቅለው፣ ንድፉ ወደሚለው ቀዳዳ ወሰዱት። ከዚያ ራሳቸው ልጃቸውን ደውለው ጠሩት።

ባለቤቴ በሩን ሳይዘጋ ተቀመጠ። ቁልፉን ከፈተ፤ ዜሮ። ጎማዎቹን ከክሪኩ አውርደን፣ ወጥተን ነዳን፤ ሃያ፣ አርባ፣ እንደ እግሩ። አቆመ፤ ዜሮ። በሩን ከፍቶ ከግንባሩ ላይ ላቡን ጠረገ።

አማቼ «ጥፋቱ የኔ ነው» አሉት። እንዲህ ሲሉ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም፤ እሱም የሰማ አይመስለኝም። «የሙት መንፈስ የሚባል ነገር የለም። ያለቦታው የሰካሁት ሽቦ ነው።»

«ታዲያ የጠፋው ሹፌርስ አባባ? የት ገባ?»

«እሱን ንድፉም አይነግረንም። የማላውቀውን አውቃለሁ ብዬ አልዋሽህም። ይቺ መኪና ግን አሁን የምትሄደው አንተ ስትነዳት ብቻ ነው።»

ባለቤቴ በሩን ዘጋ። ሰኞ ጠዋት የሰፈራችንን ልጆች ጭኖ ሲወጣ አማቼ ከጎኑ ተቀምጠው ነበር፤ ማንም አልጠራቸውም። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ድምፁ መታጠፊያውን እስኪያልፍ አዳመጥኩ። ከመታጠፉ በፊት በመስኮቶቹ ያሉትን ጭንቅላቶች ቆጥሬ ነበር፤ አንድም ትርፍ ሳይኖር ልክ ነበሩ።