እንቅልፍን የፈራሁበት ክረምት

ስትሮክ የመታኝ ተኝቼ ነው። ማታ የአንድ ሙሽራ ሱሪ ሰፍቼ ጨርሼ፣ የስፌት መኪናዬን ሸፍኜ፣ ደህና ሰው ሆኜ ጋደም አልሁ። ጠዋት ልነሳ ስል ቀኝ እጄና ቀኝ እግሬ አልታዘዝ አሉኝ። አፌ ተንጋዶ ሚስቴን እንኳ በስሟ መጥራት አቃተኝ። ባሕር ዳር ወስደው አሳከሙኝ፤ ነፍሴ ተረፈች፣ አንደበቴም ቀስ በቀስ ተፈታ። እንቅልፌ ግን አልተመለሰም።

ወረታ ያለው ቤታችን መንገድ ዳር ነው። ክረምት ስለነበር ከጓሮ ያለው የሩዝ ማሳ ውሃ ይዞ እንቁራሪቱ ሲንጫጫ ያድራል። እሱ ጋብ ሲል ወደ ጎንደር የሚያልፍ የጭነት መኪና ግድግዳውን ያንቀጠቅጠዋል። በደህናው ጎኔ ስተኛ ክንዴ ይደነዝዝና "ይሄም ሄደ!" ብዬ ብድግ እላለሁ። ጣቶቼን አንድ በአንድ አንቀሳቅሼ፣ እሺ ሲሉኝ መልሼ ጋደም፤ ደግሞ ብድግ።

ጠዋት ጎረቤቱ ሁሉ "እንዴት አደርክ?" ይለኛል። "እግዚአብሔር ይመስገን" እላለሁ። ሌላ ምን ልበል?

እጄ እንዲፍታታ በቀኝ እጄ የልብስ ቁልፍ እየለቀምሁ ጣሳ ውስጥ እንድጨምር ሐኪም ቤት ታዝዤ ነበር። ግን ሁለት ሦስት ሳልለቅም ዐይኔ ይከደንና ጣሳው ተገልብጦ ቁልፉ ወለሉን ይሞላዋል። ሚስቴ ልትለቅም ስታጎነብስ "ተይው! ሕፃን መሰልሁሽ?" ብዬ እጮኽባታለሁ። ጠያቂ ሲመጣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። እሷም ቆማ ስታንቀላፋ አያት ነበር፤ እኔን ማንሳት ያደከማት መሰለኝ።

ሰው መክሮን ወንዛዬ ፍል ውሃ ሄድን። ሙቀቱ ጅማቴን አላላልኝ፤ ሌሊቱ ግን ያው ሌሊት ሆነ። ከዚያ እንደተመለስን ለቀጠሮዬ ሐኪም ቤት ሄድሁ። እጄን የምታሠራኝ ነርስ ጣቶቼን አጠፍ ዘርጋ አድርጋ ስታበቃ፣

"አባቴ፣ እንቅልፍስ እንዴት ነው?" አለችኝ።

"ደህና ነው።"

"ውሸቱን ነው" አለች ሚስቴ። "ዐይኑን ሳይከድን ነው የሚያነጋው።"

ዞር ብዬ አየኋት። "አንቺ ተኝተሽ በምን አወቅሽ?"

"ማን ተኛና! ያን ዕለት አጠገብህ ተኝቼ ሳልሰማ ነው የመታህ። ከዚያ ወዲህ ትንፋሽህን ሳዳምጥ ነው የማድር።"

"እኔም ከተኛሁ ዳግመኛ ይመታኛል ብዬ ነው" አልሁ። ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር።

ነርሷ ወንበሯን ሳበችና ተቀመጠች። "ፍርሃትዎ እውነት ነው" አለችኝ። "ግን ነቅቶ ማደር አይጠብቅዎትም። የሚጠብቅዎ የደም ግፊት መድኃኒቱ ነው፤ እሱን አያቋርጡ። እጅዎም ቀን የተማረውን የሚይዘው ሲተኙ ነው። ቀን አያሸልቡ፤ ካልተሻለዎ ደግሞ ይመለሱ፣ ይታከማል።"

የዚያን ዕለት ማታ ሚስቴን "ዛሬ ጠባቂው እኔ ነኝ፤ አንቺ ተኚ" አልኋት። እምቢ ስትል ቆይታ ጋደም እንዳለች አንኮራፋች። ማንኮራፋቷን ስሰማ እኔንም ይዞኝ ሄደ። ስንነሳ ፀሐይ ወጥታለች፤ ተያይተን ሳቅን።

ሁልጊዜ እንዲህ አይቀናም። ዛሬም ልቤ እየደለቀ የምነሳበት ሌሊት አለ። አሁን ግን የተኛሁ መስዬ ዝም አልልም፤ "ነቅተሻል?" እላታለሁ፣ ከነቃች እናወራለን። መቀስም ጨብጬ ጨርቅ መቁረጥ ጀምሬአለሁ፤ መስመሩ እየጠመመብኝ ቢያናድደኝም።