የማያውቅ ግራውን ያውጣ

ይህን ለባሌ አልነገርኩትም። ለነፍስ አባቴም አልነገርኳቸውም፤ ሁለት ጊዜ ልነግራቸው ሄጄ፣ በጾም ስለበላሁት ቅቤ ተናዝዤ ተመለስኩ። ለእናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝ ነው። ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ ታሪኩ ሲያልቅ ደግ ሰው ሆኜ አልገኝም።

ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የግል ትምህርት ቤት የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ ነበርኩ። የትምህርት ጥራት የሚመዝኑት ሰዎች፣ እኛ በአጭሩ «ኢንስፔክሽን» የምንላቸው፣ ሊመጡ ነው በተባለ ቁጥር ግቢው ያብዳል። አጥር ይቀባል። ቤተ ሙከራ ነው የምንለው ክፍል ከተሰባበረ ወንበር ይጸዳል፤ ማይክሮስኮፑ ከሌላ ትምህርት ቤት በውሰት ይመጣል። በዚህ ማንም አያፍርም፣ እኔም አላፈርኩም። የእኔ ድርሻ ልጆቹ ነበሩ። ዳይሬክተራችን «ተሳትፎ ነው የሚያዩት፤ ሲጠየቁ ሁሉም እጅ መውጣት አለበት» አለኝ። እንዴት እንደማደርገው ግን አልነገረኝም። ዘዴውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ እኔው ራሴ፣ ሻይ እየጠጣሁ።

«መልሱን የምታውቁ ቀኝ እጃችሁን አውጡ። የማታውቁ ግራችሁን። እኔ ቀኝ ያወጣውን ብቻ ነው የምጠራው» አልኳቸው። ሳምንቱን ሙሉ ተለማመድነው። ጨዋታ መስሏቸው ወደዱት። ከማባዛት ሰንጠረዥ ይልቅ ይሄ ቶሎ ገባቸው። ሕፃናትን ውሸት አስተማርኩ፤ ጎበዝ አስተማሪ ሆኜ የማላውቀውን ያህል ጎበዝ ሆኜ አስተማርኩ።

ሐያት ብቻ ጠየቀችኝ። «ሚስ፣ ግራ እጅ ነውር ነው ትላለች እናቴ።»

«ለኢንስፔክሽን ቀን ይፈቀዳል» አልኳት።

ሐያት የታዘዘችውን ሳታጓድል የምትፈጽም ልጅ ነበረች። እናቷ ዘይነባ ባል የላትም፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እየሠራች ልጇን ለብቻዋ ታሳድጋለች፣ እኛ ጋ ለማስተማር ከራሷ ጉሮሮ ትቀንሳለች። ሐያት ጎበዝ ነበረች። ይህን አደራ ልብ በሉልኝ፤ ጎበዝ ነበረች።

ሰዎቹ መጡ። የተለማመድነው የዕፅዋት ትምህርት በደንብ እየሄደ ሳለ አንዱ ኢንስፔክተር ከኋላ ተነሣና የራሱን ጥያቄ ጠየቀ። «ተክል ፀሐይ ባያገኝ ምን ይሆናል?» ይህን አላስተማርኳቸውም። እጅ ግን ጫካ ሆነ። ሰውየው እኔን አልጠበቀም፤ ከሁሉም አስረዝማ ወደዘረጋችው ወደ ሐያት ጠቆመ።

ተነሣች። «አላውቅም» አለች።

«ታዲያ እጅሽን ለምን አወጣሽ?»

«ግራዬን ነው ያወጣሁት። ሚስ የማያውቅ ግራውን ያውጣ ብላናለች።»

ዳይሬክተሩ በር ላይ ቆሞ ፊቱ አመድ ሲመስል አየሁት። እንጀራዬ ታየኝ። ያኔ ምን ማድረግ እችል ነበር? እውነቷን ነው ማለት እችል ነበር። ዝም ማለትም እችል ነበር። እኔ ግን ሄጄ እጄን ጭንቅላቷ ላይ አሳረፍኩ፤ እንደሚያዝን ሰው አድርጌ አሳረፍኩና «ይቅርታ፣ የልዩ ፍላጎት ተማሪ ናት። የአእምሮ ዝግመት አለባት፤ ያልተባለ ነገር ታወራለች» አልኩ። ጓደኞቿ ሁሉ እየሰሙ። እሷም ቀና ብላ እያየችኝ።

የሰውየው ፊት ፈታ አለ። «እንደነዚህ ያሉትንም ትቀበላላችሁ ማለት ነው? በጣም የሚያስመሰግን ነው» አለ። ለዚያም ነጥብ ተሰጠን። ትሰማላችሁ? በዋሸሁባት ልጅ ነጥብ አገኘን። ማታውን ዳይሬክተሩ «አዳንሽን!» ብሎ ጥብስ ጋበዘን፤ እኔም በላሁ። አልተናነቀኝም። ዛሬ ሳስበው የሚያቅለሸልሸኝ እሱ ነው፣ ስጋው መጣፈጡ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ እንኳ አንድ ነገር ነበር። ዳይሬክተሩ «ተመልሰው እናትየውን ቢጠይቋትስ? ንገሪያት እንጂ» አለኝ፤ አስጠራኋት። ከሥራ ወጥታ በቀጥታ ስትመጣ የጥጥ ብናኝ ሻርፗ ላይ ነበር። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ግን እሷ እኔን በእርስዎ ታናግረኛለች፣ እኔ እሷን በአንቺ።

«ወላሂ ሚስ፣ ቤት ውስጥ እኮ ምንም አይታይባትም» አለች። «ሱቅ ብልካት የነገርኳትን አትረሳ፣ መልስ አታዛንፍ።»

«እናት ስለሆንሽ ነው የማይታይሽ» አልኳት።

አለቀሰች። ቦሩ ሜዳ ሐኪም ዘንድ ወስዳት፣ ልጅቷ ጤነኛ ናት ብለው ሲመልሷት ደስ ብሏት እየሮጠች መጣች። አያችሁ፣ ከጉዴ የምወጣበት በር ተከፍቶልኝ ነበር። «እንኳን ደስ አለሽ፣ ተሳስቼ ነው» ብል ያልቅ ነበር። «ይሄ በምርመራ አይገኝም» አልኳት። ፊቷ ላይ የነበረው ደስታ ሲጠፋ አየሁ። የመጀመሪያው ውሸት ከድንጋጤ ነው ልበል። ይሄኛውስ? ይሄኛውን ረጋ ብዬ፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው የዋሸሁት።

ክፍል ውስጥ ልጆቹ «ዝግመት» ይሏት ጀመር። አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፋ። ሐያትም እጅ ማውጣት ተወች፤ በመጨረሻ ስጠይቃት የምታውቀውንም መመለስ ተወች። ዓመቱ ሳያልቅ እናቷ አስወጣቻት። እኛ ደረጃችንን የሚናገር ትልቅ ባነር በሩ ላይ ሰቀልን። እኔም አድጌ ምክትል ዳይሬክተር ሆንኩ፤ አዲስ አስተማሪዎችን ስለ ታማኝነት የማሠለጥነው እኔ ነኝ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። እናንተን ምን በደልኳችሁ? የዘይነባን ቤት አውቀዋለሁ፤ አንድ ነገር ብቻ ነው መናገር ያለብኝ፣ ልጅሽ ጤነኛ ናት፣ ዋሽቼሽ ነው። ይህን ለእሷ መናገር ያቃተኝ ሴትዮ ለእናንተ አሳምሬ ጻፍኩት። ራሴን የምጸየፈው ለዚህም ጭምር ነው።

በቅርቡ ዘይነባ ገበያ ውስጥ አገኘችኝ። አሮጊት መስላለች። ሐያት እንዴት ናት አልኳት፤ አፌ እንዴት እንደተከፈተ እንጃ።

«ሐርቡ ከተማ፣ እህቴ ዘንድ ናት። ውኃ ትቀዳለች፣ ቤት ትጠርጋለች። በትምህርት አላስጨንቃት ብዬ ተውኳት።» ከዚያ እጄን በሁለት እጇ ያዘችው። «እርስዎ ባይነግሩኝ እኮ አጥኚ እያልኩ ስገርፋት እኖር ነበር። አላህ ኸይር ጀዛዎን ይክፈልዎ፣ ሚስ።»

«አሜን» አልኳት።