ሜሮን ቀለበቴን ሸጠችው

ሐሙስ ከሰዓት በላንቻ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ «ቀለበቴን ሸጠችው!» ብዬ ጮኽኩ... ታክሲው በሙሉ ዞሮ አየኝ።

አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ደረታቸውን ይዘው «ውይ ልጄን! ወርቅ ነበር?» አሉኝ።

«አይ እማማ... የስልክ ነው።»

«የስልክ ቀለበት ደግሞ ምን ዓይነት ነው?» ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። በቅጡ ማስረዳት እችላለሁ ብዬ አይደለም፣ ግን እስቲ ለእናንተ ልሞክር።

እኔ የቤት ደላላ ነኝ። ጎተራ ኮንዶሚኒየም የተከራየ ሰው ካለ ወይ ያውቀኛል ወይ ረግሞኛል። ከአከራዩም ከተከራዩም ኮሚሽን እቀበላለሁ፣ ሥራው ነው፣ ምን ላድርግ! ውል የማስጽፈው ደግሞ ካዛንቺስ፣ ከፈረሳው የተረፈች አንዲት ጠባብ የጽሕፈትና ፎቶኮፒ ሱቅ ውስጥ ነው። ጎተራ ስንት ፎቶኮፒ ቤት እያለ ካዛንቺስ ድረስ ምን ወሰደህ ካላችሁኝ... የምትጽፈው ሜሮን ናት። በቃ።

ከሜሮን ጋር ስምንት ወር ሙሉ በየቀኑ በአንድ የስልክ አፕ እንጻጻፋለን። በጽሑፍ አንበሳ ነኝ! ሱቁ ስገባ ግን ምላሴ ይተሳሰርና «ሁለት ኮፒ» ብዬ ውልቅ ነው። አንድ ቀን «ይሄ አፕ እኮ ይባረክ፣ በነፃ አገናኘን» ብዬ ብጽፍላት «አንተ ደላላ ሆነህ በነፃ የሚያገናኝ አይተህ ታውቃለህ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ሐሙስ ዕለት ታዲያ አፑ ራሱ «ዛሬ የሜሮን ልደት ነው፣ ስጦታ ይላኩላት» አለኝ። ከፈትኩት... ኬክ አለ፣ አበባ አለ፣ የሚያብለጨልጭ ቀለበት አለ። ልቤ ቀለበቱ ላይ ቀረ። ስምንት ወር እኔ ያልተናገርኩትን እሱ ይናገርልኝ አልኩ።

ዋጋው በብር አይደለም፣ በኮከብ ነው። መቶ ኮከብ። ኮከቡን ደግሞ አፑ የሚሸጠው በውጭ አገር የባንክ ካርድ ነው፣ እኔ ከየት አባቴ ላምጣ? ጓደኛዬ ኮከብ እየገዛ በብር የሚቸረችር ሰውዬ ጋ ላከኝ። በአካል አላየሁትም፣ እዚያው አፑ ላይ ነው የተነጋገርነው። የጠራልኝ ዋጋ ግን... ኡኡ ያሰኛል!

«ወንድሜ ቀንስ እንጂ፣ እኔም እኮ ደላላ ነኝ» አልኩት።

«እና ታውቀዋለሃ!» አለኝ።

ከፈልኩ። ቀለበቱን ላክሁ። ታክሲ ውስጥ ገብቼ ስልኩን እንደ እንቁላል ይዤ እጠብቃለሁ... አየችው። መጻፍ ጀመረች... ተወችው። እንደገና ጀመረች... ተወችው። ከዚያ አንዲት መስመር ብቅ አለች። «ሜሮን ስጦታውን ወደ ሰማንያ አምስት ኮከብ ቀይራዋለች» ትላለች።

የጮኽኩት ያኔ ነው። እውነቴን ነው፣ እንባዬ ሊመጣ ነበር። ስምንት ወር የፈራሁት «አይሆንም» ይሄው መጣ አልኩ። ግን ደግሞ ፊት ለፊት ሳልጠይቃት መች ሊወጣልኝ! «ወራጅ!» ብዬ ወረድኩ፣ ሌላ ታክሲ ይዤ ካዛንቺስ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም።

ሱቁ ውስጥ አንድ ሽማግሌ አባት መታወቂያቸውን ይዘው ፎቶኮፒ ይጠብቃሉ። እኔ መች አየኋቸው!

«ቀለበቱን ምን አደረግሽው?»

«ሸጥኩት» አለች ሜሮን፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳታነሳ።

ልቤ እየተሰበረ አፌ ግን ሥራውን አይረሳም... «በስንት?» አልኩ።

«በሰማንያ አምስት።»

«በመቶ ገዝቼው?! አሥራ አምስቱስ?»

«አፑ ወሰደው።»

«ስገዛም እኮ ከኔ ወስዷል!»

«ከሁለታችንም ይወስዳላ! ነፃ ነው እያልክ የምትምልለት አፕ እንጀራው ይሄ ነው። ልደቷ ነው ብሎ አስታወሰህ፣ ኮከብ አስገዛህ፣ እኔ ስሸጠው ደግሞ ከኔ ቆረጠ።» አሁን ቀና ብላ አየችኝ። «እኔን ያናደደኝ ግን እሱ አይደለም። በየቀኑ እዚህ ፊቴ ቆመህ ሁለት ኮፒ ትላለህ... ከዚያ ቀለበት በደላላ ትልክብኛለህ? አፍ የለህም? የምትለው ካለ በለኝ!»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ቀኑን ሙሉ ውሃ የማይወጣበት አራተኛ ፎቅ ሳሞግስ የምውል ሰውዬ...

«እኔ... ማለቴ... አንቺ... በቃ ብርሃን ያለሽ... ጸጥ ያልሽ... ሰፋ ያለ...»

«ቤት ነው እንዴ የምታሳየኝ?»

«እወድሻለሁ!» አልኩ... ጮክ ብዬ!

ሜሮን ፊቷ ቀላ። እሷም እኔን፣ እኔም እሷን እያየን ተፋጠጥን። በመጨረሻ የሽማግሌው ትዕግሥት አለቀ።

«አንቺ ልጅ፣ ወይ እሺ በዪው ወይ ፎቶኮፒዬን አንሺልኝ! ወረዳ ሊዘጋብኝ ነው!»

ሜሮን ሳቋ አመለጣት። «ይቅርታ አባባ፣ የእርስዎ ስንት ኮፒ ነው?» ብላ መታወቂያውን ተቀብላ ወደ ማሽኑ ዞረች። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ... «ቅዳሜ ከስድስት ሰዓት በኋላ ሥራ የለኝም» አለች።

እኔን ነው? እኔን ነው! ዘለልኩ። ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፣ እጄን መታኝ፣ ምን አገባኝ!

ሽማግሌው ኮፒያቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና በከዘራቸው ነካ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ እኔ ባልናገር እስከ ማታ ተፋጥጣችሁ ትቀሩ ነበር። ያስጨረስኳችሁ እኔ ነኝ፣ የፎቶኮፒውን አንተ ክፈል» ብለው ወጡ።

በሕይወቴ እየሳቅኩ የከፈልኩት ኮሚሽን ያ ብቻ ነው።