የሮኬቱን መመለስ የጠበቅሁበት ሳምንት

ልጆቹ «ንገሪን» ካሉኝ ቆይተዋል። ስልካቸው ላይ ሮኬት ሲነሣ ባዩ ቁጥር የልጅ ልጆቼ ወደ እኔ ዞረው «እምዬ፣ አንቺም አንድ ጊዜ ጠብቀሽ ነበር አሉ፤ እስቲ ንገሪን» ይሉኛል። እኔም «ኋላ» እላቸዋለሁ። ኋላ ስል ዓመታት ሄዱ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የለቀምኋት ፊደል ናት ያለችኝ። በሷው እጽፈዋለሁ፤ በአፌ ከጀመርሁት አልጨርሰውም።

ቤቴ ቢቸና ነው፤ እኔ ግን ቤት የምቀመጥ ሰው አልነበርሁም። የመጨረሻው ልጄ በመተማ አድርጎ ከአገር ከወጣ ወዲህ አንድ ቦታ መዋል አቃተኝ። መጀመሪያ ከሱዳን ይደውል ነበር። ኋላ ከሊቢያ አንድ ጊዜ ብቻ ደወለ፤ ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስል ነበር።

«እናቴ፣ ባሕር ልሻገር ነው። እንደተሻገርሁ እደውላለሁ» አለኝ።

«ባሕሩ ዓባይን ያህላል?» አልሁት።

ሳቀብኝ። «ኧረ እናቴ! ዓባይማ ከዚህ ጋር ቦይ ነው።»

ከዚያ ሳቅ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም። አንድ ክረምት አለፈ፤ ሌላም ተደገመ።

እኔም በየመናኸሪያው መንከራተት ጀመርሁ። ከቢቸና ተነሥቼ ደብረ ወርቅ እወርዳለሁ፤ መርጡለ ማርያምን እሳለማለሁ፤ ሞጣ ታላቋ ልጄ ዘንድ ሰንብቼ ደግሞ እመለሳለሁ። ፊቱ በፀሐይ የከሰለ፣ ሻንጣ ያንጠለጠለ ጎረምሳ ካየሁ «ልጄ፣ ከመተማ ነህ?» እላለሁ። አንዳንዱ ያዝንልኛል። አንዳንዱ «እማማ፣ እኔ ከማርቆስ ነኝ» ብሎ ይስቃል። የአውቶቡስ ረዳቶቹ ለመዱኝ። አንደኛው ገና ከሩቅ ሲያየኝ «የመተማዋ እናት መጣች፤ መስኮቱን ልቀቁላት!» ይል ነበር። እየቀለደ እንደሆነ አውቃለሁ። መስኮቱ ዘንድ ግን እቀመጣለሁ፤ መንገደኛውን ሁሉ የሚያሳይ እሱ ነውና።

ያልተሳልሁበት ደብር አልነበረም። ለመርጡለ ማርያም ዣንጥላ፣ ለሰፈራችን ጊዮርጊስ መጋረጃ ተሳልሁ። «ይህን ብታደርግልኝ ይህን አመጣለሁ» ብሎ ይሳላል፤ ሲደርስ ይገባል፤ እስኪደርስ ይጠበቃል። እኔም ጠበቅሁ። መጠበቅ ከረዘመ ግን ሰው ሐሳቡ ወደማይሆን ቦታ ይሄዳል። የእኔም ሄደ።

ጤፍ መታጨድ በጀመረበት ሰሞን የሞጣዋ ልጄ ደውላ «ነይ፣ እኛ ዘንድ ሰንብቺ» አለችኝ። ከሄድሁ ወር አልሞላኝም ነበር። ቢሆንም አልጠየቅሁም፤ ነይ ከተባልሁ እሄዳለሁ።

እዚያ ግቢ አንድ ተከራይ ነበር፤ ከባሌ ተመድቦ የመጣ የፊዚክስ መምህር። ሙስሊም ነው፤ የእኛን የጾም ቀን ግን ከእኛ በላይ ይቆጥርልን ነበር። ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል የነበረችውን የልጅ ልጄን የሚያስተምራት እሱ ነው። እንደ ደረስሁ ሁለቱ በረንዳው ላይ ላፕቶፕ ከፍተው ሲከራከሩ አገኘኋቸው።

«ምንድን ነው እንዲህ የሚያሟግታችሁ?» አልሁ።

«ሮኬት ነው እምዬ» አለች ልጅቱ። «ማክሰኞ ይተኮሳል። ላይኛው ክፍል ወደ ሰማይ ይሄዳል፤ ታችኛው፣ ተሸክሞ ያወጣው፣ ዞሮ ይመለሳል።»

«ይወድቃል በይኛ።»

«አይወድቅም! ቆሞ ነው የሚመለሰው። እግር አለው። ባሕር ላይ ሰው የሌለባት ጀልባ ትጠብቀዋለች፤ እሷ ላይ ያርፋል።»

«ያርፋል ብለው ነው ተስፋ የሚያደርጉት፣ እማማ» አለ መምህሩ። «ከዚህ በፊት ሞክረው ጀልባዋ ላይ ተሰባብሮባቸዋል።»

«ተሰባብሮባቸውም ይልካሉ?»

«ይልካሉ።»

«እናት የለችውማ!» አልሁ። ሁለቱም በሳቅ ሞቱ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ዓይኔ ግን ከላፕቶፑ አልተነሣም። «ያን ሁሉ ባሕር ሲያይ ጀልባዋን እንዴት ብሎ ያገኛታል?»

«መንገዱ አስቀድሞ ተነግሮታል፤ ራሱ ያውቃል» አለኝ መምህሩ። «እርስዎ ከመናኸሪያ እዚህ ድረስ ማንም ሳይመራዎ እንደመጡት ማለት ነው።»

ይህ ነገር አጥንቴ ውስጥ ገባ። ሄዶ የሚመለስ ነገር፣ ያውም ባሕር ላይ፣ ያውም በእግሩ ቆሞ። ያን ቀን ግድግዳውን ተደግፌ በሆዴ አልሁ፦ «እመቤቴ ሆይ፣ ይህ ተሸካሚ ባሕሩ ላይ ቆሞ ከተመለሰ ልጄም በሕይወት አለ ማለት ነው፤ ይመለሳል። ካልተመለሰ ግን ተስፋዬን ልቁረጥ።» ስለት ለታቦት ይሳላል እንጂ በፈረንጅ ብረት ላይ እንደማይሳል አጥቼው አይደለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ምልክት ለምኜ የሰጠኝ ስላልነበረ ነው።

በማግስቱ ለልጅ ልጄ ነገርኋት። የምትቀልድብኝ መስሎኝ ነበር። አልቀለደችም። ፊቷ አመድ መሰለ።

«እምዬ፣ ለምን እንዲህ ታደርጊያለሽ? ብረት እኮ ነው!»

«ብረትም ቢሆን ይመለሳል አላልሽም?»

«ብያለሁ… ግን እሱ ሌላ፣ አጎቴ ሌላ።» ምሳዋን ሳትጨርስ ተነሥታ ወጣች። ኃጢአት የሠራሁ መስሏት ነው አልሁ።

ማክሰኞ ዕለት ግቢው ውስጥ ተቀምጠን ጠበቅን። «ነፋስ አለ፤ ተራዘመ» ተባለ። ሐሙስም ተቀመጥን። የሚሞሉት ነዳጅ አንድ ነገር ሆነና ደግሞ ተራዘመ። ልጅቱ በእግሯ መሬት መታች። መምህሩ «ፈጥኖ ከሚወድቅ ዘግይቶ ቢቆም ይሻላል» እያለ ያባብላታል። እኔ ግን ደስ አለኝ ልበል? መልሱ አለመምጣቱን ወደድሁት። አልተነሣም ማለት ገና አልወደቀም ማለት ነው።

ታላቋ ልጄ ከእኛ ጋር አትቀመጥም። ትገባለች፤ ትወጣለች። የጠረገችውን ግቢ ደግማ ትጠርጋለች። ሐሙስ ዕለት የእድር አግዳሚ ወንበሮች መጥተው ከቤቱ ጀርባ ተደረደሩ።

«ይህ ሁሉ ወንበር ለምንሽ ነው?» አልኋት።

«የጎረቤት ማኅበር አለ» አለች ሳታየኝ።

«እንግዲያስ ነገ ወደ ቢቸና ልሂድ፤ ቤት አላጣብብባችሁ።»

«ነገማ አትሄጂም! ቅዳሜን ዋይ። ቅዳሜን ብቻ ዋይልኝ።» ክንዴን ጨምቃ ይዛው ነበር። የናፈቅኋት መስሎኝ ደስ አለኝ።

ዓርብ ከቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት ላፕቶፑ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ኔትወርኩን ከመምህሩ ስልክ ሰጡት። ቁጥሩ ወደ ኋላ ይቆጠራል፤ ልጅቱ በአማርኛ ትከተለዋለች። «ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ!» እሳቱ ከሥሩ ፈሰሰ፤ እንደ ቤተ ክርስቲያን ምሰሶ የረዘመ ነጭ ብረት መሬቱን ለቆ ተነሣ። እልል ልል አፌን ከፍቼ ተውሁት። መሄድማ የእኔም ልጅ ሄዷል።

ጥቂት ቆይቶ «ተለያዩ!» አለች ልጅቱ። «እምዬ፣ እይ፣ ያ ታችኛው ነው። አሁን ይዞራል።» እጄን ያዘችኝ።

ሥዕሉ ተለወጠና ጀልባዋ መጣች። ጠፍጣፋ ናት፤ መካከሏ ላይ ክብ ተሥሎባታል። ዙሪያዋ ውኃ ነው። ባሕር ያየሁት ያን ዕለት ነው። ዳሩን ፈለግሁ፤ ዳር የለውም። ዓባይ የቱንም ያህል ቢሞላ ማዶው ይታያል፤ ዛፍ አለው፣ ሰው አለው። ይህ ማዶ የለውም። ልጄ ለምን እንደሳቀብኝ ያኔ ገባኝ።

ሥዕሉ እዚያው ላይ ደረቀ። አይንቀሳቀስም።

«ኔትወርኩ!» ብሎ መምህሩ ስልኩን ወደ ላይ እንደያዘ ወደ አጥሩ በር ሮጠ። ልጅቱም ባሕር ዳር ላለች ጓደኛዋ ልትደውል ከቤቱ ጀርባ ሄደች። እኔና ባዶዋ ጀልባ ብቻችንን ቀረን። «ድረሽለት» አልሁ። ለብረቱ ይሁን ለልጄ፣ እኔም አላውቀው።

ልጅቱ ከቤቱ ጀርባ ተመልሳ መጣችና ፊቴ ቆመች።

«ወደቀ እምዬ» አለችኝ። «ባሕር ገባ።»

መምህሩ ከኋላዋ መጥቶ አፉን ከፈተ። እሷን አየ። መልሶ ከደነው፤ ላፕቶፑን አጥፎ ወደ ክፍሉ ይዞት ገባ።

«እሺ» አልሁ። አላለቀስሁም። ነጠላዬን ከትከሻዬ አወረድሁና ለሐዘን እንደሚለበሰው አዘቅዝቄ ለበስሁት። ታላቋ ልጄ ከጓዳ ስትወጣ እንዲያ ሆኜ አየችኝ፤ የያዘችው ትሪ ከእጇ ወደቀ።

«ማን ነገራት?» ብላ ልጇ ላይ ጮኸች።

«ማንም» አለች ልጅቱ።

የሮኬቱን ነገር የሚሉ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው በዚያ ሰዓት ነው። ስወጣ አግዳሚዎቹ ከጀርባ መጥተው ግቢው መካከል ተደርድረዋል፤ ሰው ሞልቶባቸዋል። ከፊት የቆሙት የነፍስ አባቴ ናቸው፤ የቢቸናው። እሳቸውን ሞጣ ላይ በዚያ ማለዳ ካየሁ ሌላ ምን ይነገረኝ?

«እኅቴ፣ እግዚአብሔር…» ብለው ጀመሩ።

«አውቄያለሁ አባቴ» አልሁ። «ባሕር ገባ።»

እርስ በርሳቸው ተያዩ። የተሳፈረባት ጀልባ ከተገለበጠች ቆይታለች፤ አብሮት ሄዶ የተረፈ ልጅ ነው የነገራቸው። ክንዴን ሊይዙ የተዘጋጁት ሴቶች የሚይዙት አጡ። መሬት ላይ አልተፈጠፈጥሁም፤ የምወድቀውን ከዋዜማው ወድቄ ነበር።

ከዚያ ወዲያ መናኸሪያ አልቆምሁም። አውቶቡስ ብሳፈርም መስኮት ዘንድ አልቀመጥም። ከሐዘኑ ይልቅ የበላኝ ግን ሌላ ነበር፤ ልጄን በዚያ ብረት ላይ ያሰርሁት እኔ ነኝ የሚል። የሞተው አስቀድሞ እንደሆነ ሰው ሁሉ ነግሮኛል፤ እኔም አውቀዋለሁ። ቢሆንም ጸሎት በቆምሁ ቁጥር ያ ተሸካሚ ባሕር ውስጥ ሲሰምጥ ይታየኛል፤ ሳላየው ይታየኛል። ከላዩ ላይ ልጄ አለ። ለነፍስ አባቴ ተናዘዝሁ፤ ስግደት ሰጡኝ፤ ሰገድሁ። አልለቀቀኝም። የመርጡለ ማርያምም ዣንጥላ ሳይገባ ቀረ።

የልጅ ልጄ ተምራ መምህርት ሆነች፤ አገባች፤ ወለደች። የመጀመሪያ ልጇን ልታሳየኝ ቢቸና የመጣች ጊዜ ስግደቴ ላይ ደረሰች። «እስከ ዛሬ ስለ ሮኬቱ ትሰግጃለሽ እንዴ?» አለችኝ። «አዎ» አልኋት። ሕፃኑን አልጋዬ ላይ አስተኝታ እግሬ ሥር ተቀመጠችና አለቀሰች።

ያን ዓርብ የነፍስ አባቴ ከቢቸና መጥተው ጎረቤት ቤት አርፈው ነበር አለችኝ። መርዶው ለማለዳ ተቆርጦ ነበር። ከቤቱ ጀርባ ከጓደኛዋ ጋር ስትነጋገር፣ ደስ ብሎኝ ተኝቼ ከዚያ ደስታ ላይ ተቀስቅሼ መርዶ ስሰማ ታየኋት። መምህሩም አውቆ ነው ዝም ያለው።

ሮኬቱ አልወደቀም ነበር። ጀልባዋ ላይ፣ ክቡ መካከል፣ በአራት እግሩ ቆሞ ነበር።