የጋቢናው በር

ቅዳሜ ቅዳሜ ጋራዥ የሚመጡልኝ አንድ ጋሼ አሉ። ሸሚዛቸውን እስከ አንገት የሚቆልፉ፣ ረጋ ያሉ የቢሮ ሰው ናቸው። በዕድሜ እኔን የሚበልጥ ባለ ፎርዊል መኪና ገዝተው፣ ሞተሩን አስወርደው፣ ባሌስትራውን አስቀይረው በየቀኑ ሥራ ይሄዱበታል። ተራራ የሚቧጥጥ መኪና ለሁለት ኪሎ ሜትር አስፋልት!

«አነስ ያለች አይሻልዎትም?» ስላቸው፣ «ይሄ ሰፊ ነው» ይላሉ።

ሰፊማ ነው። ግን ከእሳቸው በቀር ሰው ተቀምጦበት አላየሁም፤ አምና አዲስ ልብስ ያለበስኳቸው የኋላ ወንበሮች እስከ ዛሬ ከነላስቲካቸው ናቸው።

መኪናውን ባቆሙ ቁጥር ይወርዱና ዞረው የጋቢናውን በር ይከፍታሉ። ትንሽ ይቆሙና ቀስ አድርገው ይዘጉታል።

ባለፈው ቅዳሜ አላስቻለኝም። «ጋሼ፣ ማንን እያወረዱ ነው?» ብዬ ቀለድኩ።

አልሳቁም። «በር ካልተከፈተ ማጠፊያው ይዝጋል ያልከኝ አንተው አይደለህ እንዴ?»

እውነታቸውን ነው፣ ብያለሁ። ግን የነገርኳቸው ስለ ሁሉም በሮች ነበር። የኋላዎቹን ብሞክራቸው በዝገት ተጣብቀው እምቢ አሉኝ። የጋቢናው ግን ድምፅ እንኳ ሳያሰማ ተከፈተ።